የዳማ መደላድል

አሻግሬ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ከጋጣው ደጃፍ ተደፍቶ የተገኘው፣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ በተባለ ሰሞን፣ ከከላላ እህል አስጭኖ በገባ ዕለት ነው። ያገኘውም ሸሪኩ በሽር ነው።

ወሬው መካነ ሰላምን ሳያዳርስ አልታዬ ጆሮ ደረሰ። አንድ ልጇ ስማቸው የሟቹ በቅሎ ጫኝ ነው። «ወይኔ! በልጄ ሊያላክኩ ነው» አለች። ዳመና ባየች ቁጥር ጎርፍ የሚታያት ሴት ናት።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃው ጀብሪል ሬሳውን ዞሮ አየ። እህሉ ከነጆንያው ተቀምጧል። አንዱን ጆንያ ገፋ ሲያደርገው ከስሩ ደም አለ። ዳማ የተባለችው በቅሎ ጥግ ቆማለች፤ ጭነቷ ወርዷል፤ ከጭነት ስር የሚነጠፈው መደላድል ግን ከጀርባዋ አልተነሣም።

ስማቸው «ከወንዙ ማዶ ተለያየን፤ እሱ ቀደመኝ» አለ።

«በሽር፣ አንተስ ከአሻግሬ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ያልተጣላ ሸሪክ አለ? ናፍጣ ተወዶ መኪናው ሲቀር ቀናችን ወጣ ብለን ነበር። የበቅሎዎቹ ቀለብ ገብሱ ደግሞ ከጭነት ኪራዩ በለጠ! ከዚያ ሁሉ በቅሎ አራት ቀሩ። እነሱንም ለጅብ እንልቀቅ አለ፤ እኔ እንሽጥ አልኩ።»

«ማን ይገዛል?»

«እሱም ይህንኑ ነው የጠየቀኝ።»

ጀብሪል ከዚያ ወደ አልታዬ ቤት ወረደ። «አብሽሩ፣ እትዬ አልታዬ። ስማቸው ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ለበቅሎ የሚራራ በሰው ይጨክናል? ጭነት ሳያወርድ እህል አይቀምስም። የበቅሎዋን መደላድል እንኳ ላቧ ሳይደርቅ አያነሣም፤ ጀርባዋ ያብጣል ብሎ። ሌላው ጫኝ የት አባቱ!»

ጀብሪል እጅ ነሥቶ ወጣ። አልታዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ልቧ ረጋ።

በማግስቱ አገሬው ገዳዩን ሊያወጣ ከወይራው ስር ለአፈርሳታ ተቀመጠ።

«የራበው መንገደኛ ገደለው ብላችኋል» አለ ጀብሪል። «የራበው እህሉን ትቶ ይሄዳል? ደሙ ደግሞ ከጆንያው ስር ነው። ጭነቱ የወረደው አሻግሬ ከወደቀ በኋላ ነው። ሰው ገድሎ በቅሎ ያሳረፈ አለ።»

«እኔን ለማለት ነው?» አለ በሽር።

«አንተማ መደላድሉን ከነላቡ ገፍፈህ ነው የምትጥል። የምትነዳቸውን ሦስቱን አይቻለሁ፤ ጀርባቸው ቁስል ብቻ ነው። ለዳማ ላብ ግን የተጨነቀ ሰው ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ጫኝ አንድ ብቻ መሆኑን የነገሩኝ...»

ዓይኑ አልታዬ ላይ ሲያርፍ ቀሪውን ዋጠው። እሷ ግን ሰምታዋለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ስማቸው ሳይጠራ ተነሣ። «እህሉን አራግፍና አሁኑኑ ገደል አፋፍ ወስደህ ልቀቃት አለኝ አሻግሬ። ያን ሁሉ አቀበት ተሸክማ የመጣችውን! ለመንኩት። ፊቷን በአለንጋ ሲላት ዱላዬን ሰነዘርኩ። አንዴ ነው።»

«ታዲያ ወዲያው አትሸሽም ነበር?»

«ጭነቱ ላይዋ ነበራ» አለ ስማቸው። «አልቧት ነበር። እስኪደርቅላት ስጠብቅ የበሽርን ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ።»

ጀብሪል ወደ ሕዝቡ ዞረ። «በቅሎዎቹን ማን ይረከባል?»

«ገብስ ያለው» አለ በሽር። ከተቀመጠው ሁሉ አንድም ሰው አልተነሣም።

ስማቸው ታስሮ ሲሄድ ዳማ ተከተለችው። አጃቢው ፖሊስ በድንጋይ መለሳት። አልታዬ የዳማን መጫኛ ይዛ ቀረች፤ ለበቅሎዋ የምትሰጠው ገብስ ቀርቶ ራሷም የምትቀምሰው አልነበራትም።