ተጠርጣሪው ጋሼ ቁልፍ

«ሌባው ጋሼ ቁልፍ ናቸው! ብያለሁ፣ ጋሼ ቁልፍ ናቸው!»

የግድግዳ ጋዜጣው ፊት መቆሚያ የለም። የኋለኞቹ በፊተኞቹ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንድ ረጅም ልጅ ማየት ላልቻሉት ጮክ ብሎ ያነባል። «የጠፋው ማይክሮስኮፕ» ክፍል አራት ጠዋት ነው የተለጠፈው። ታሪኩን የምትጽፈው ልጅ ከሁሉም ኋላ ደብተሯን አቅፋ ቆማለች። ደስታዋን ልትደብቅ ብትሞክርም ጥርሷን መክደን አቃታት። ከወር በፊት ማን መሆኗን የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ደራሲ» ይላታል።

ጋሼ ቁልፍ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዘበኛ ስም የላቸውም። ግን የቁልፍ ዘለላ አላቸው፣ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ፣ ሲያስነጥሱም ሁልጊዜ ሦስቴ ነው። ታዲያ ማን ይሳሳታል?

የጋዜጣው አዘጋጅ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አየሽልኝ? ነገ የመጨረሻው ክፍል ሲወጣ ግቢው ቀውጢ ነው የሚሆነው። እሳቸው ናቸው አይደል?»

«ነገ ታነቢዋለሽ።»

«ኧረ ባክሽ! እሳቸው ካልሆኑ እኮ ሕዝቡ ይበላናል።»

ከትምህርት ሲወጡ በሩ ላይ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋሼ ቁልፍን ይዘዋቸዋል።

«ጋሼ፣ ማይክሮስኮፑን የት ደበቁት?»

ጋሼ ቁልፍ ሳቁ፤ ልጆቹም ሳቁ። ደራሲም ልትስቅ ነበር። ከዚያ ግን ሰውየው ማንም ሳይጠይቃቸው ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዚፑን ከፈቱት። የምሳ ዕቃ፣ የታጠፈ ሹራብ፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ።

«ይኸው፣ እዩት ልጆቼ» አሉ። «ትናንት የሳይንስ መምህርቷም ቦርሳዎን ያሳዩኝ ብላኛለች። ለቀልድ ነው።»

ዚፑን ሲዘጉ ሁለት ጊዜ ሳቱት። ከትምህርት ቤቱ እኮ አንድም ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ አያውቅም! ሁሉም ከእሷ ጭንቅላት የወጣ ነው። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትል አንገቷን ደፍታ ወጣች።

እግሯ የወሰዳት አክስቷ ቤት ነው። አክስቷ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ናት። «አሥራ ዘጠኝ ሰው ገድያለሁ፤ በረሮ ግን እስከ ዛሬ እፈራለሁ» ትላለች። የምትጽፈው ወጥ ቤቷ ውስጥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ አንድ የቁም ሳጥን በር ትሰጠዋለች። ስለዚያ ሰው የምታውቀውን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች በሩ ላይ ትለጥፋለች። እዚያ ቤት ስኳር የፈለገ እንግዳ ነፍሰ ገዳዩን መክፈት አለበት።

«አክስቴ፣ ጉድ ሠርቻለሁ» አለች ገና ከመግባቷ፤ ሁሉንም ነገረቻት።

አክስቷ ምድጃውን አጥፍታ አጠገቧ ተቀመጠች። «የመጀመሪያ መጽሐፌን አንብበሻል?»

«ጫማ ሰፊው ገዳይ የሆነበትን? ሦስቴ!»

«እዚህ መንገድ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ሳሉን፣ አነጋገሩን፣ ሁሉን ነገር ወሰድኩበት። መጽሐፉ ተወደደልኝ። ሰዉ ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ዛሬስ ማን ተራው ነው?" ይለው ጀመር። በዓመቱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።» አክስቷ ጣቶቿን አየች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ጥፋተኛ ሰው ጻፍኩ። እሱ ጋ ሄዶ አጥፍቻለሁ ማለት ግን ከበደኝ። ዛሬ ብፈልገውም የት እንዳለ አላውቅም።»

አክስቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሌላ ሌባ ስጪኝ።»

«እምቢየው! የራስሽን ሬሳ ራስሽ ቅበሪ። ሁለት በር ግን አውስሻለሁ። በሩ ያልሞላ ሰው ወንጀለኛ አይሆንም፤ የቤቱ ሕግ ነው።»

በመጀመሪያው በር ላይ ዘበኛውን ጀመረች። ቁልፍ። ማነከስ። ማስነጠስ። የእጅ ባትሪ። አምስተኛ ወረቀት አንስታ ብዙ ቆየች። ልጆች ይኑሯቸው አይኑሯቸው፣ የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚያስቃቸው አታውቅም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሰላም የሚሏትን ሰው በአራት ቁራጭ ወረቀት ከሳቸዋለች። አፈረች።

በሁለተኛው በር ላይ መርማሪውን አስቀመጠችው፤ ታሪኩን የሚተርከውን፣ ሁሉን ያውቃል የተባለውን ጎበዝ ተማሪ። እዚህ ላይ እጇ አላርፍ አለ። መመስገን ይወዳል። ሲሳሳት ማመን ሞቱ ነው። ሰው ሲያየው ድምፁ ይወፍራል። ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? በሩ ሞልቶ ወረቀቱ ወደ ጎረቤቱ በር ተሻገረ። በድንገት ብድግ ብላ ክፍል አንድን ከቦርሳዋ መዘዘች። ማይክሮስኮፑን መጨረሻ የነካው ማን ነው? መርማሪው። ጠፋ ብሎ መጀመሪያ የጮኸውስ? መርማሪው። አራት ክፍል ሙሉ እሱን ማንም አልጠየቀውም፤ እሷም ራሷ!

«አገኘሁት!» ስትል አክስቷ የያዘችው ማንኪያ ወለሉ ላይ ተንቃጨለ። በዚያው ወንበር ላይ ክፍል አምስትን ሳታቋርጥ ጻፈችው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ረጅሙ ልጅ ማንበብ ጀመረ። መርማሪው ማይክሮስኮፑን በድብቅ ሲነካካ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ቀበረ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ እንዲያይለት ራሱ ፈላጊ ሆነ። የመጨረሻው መስመር ላይ የልጁ ድምፅ ቀነሰ፦ «እኔ ጣቴን ወደ ዘበኛው ቀሰርኩ፤ እናንተም ተከተላችሁኝ። ቁልፍ ስለያዙ ብቻ።»

 ግቢው ፈነዳ። «ሸወደችን!» «እኔ እኮ እሳቸው ናቸው ብዬ ምዬ ነበር!» «እንደገና አንብበው፣ እንደገና!» የሳይንስ መምህርቷ ወረቀቱ ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፊቷ ቀላ። ከሰባተኛ ክፍሎቹ አንዱ ጫማውን ያያል። አዘጋጇ ሮጣ ደራሲ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ጉደኛ! ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ አነበቡት እኮ! ነይ፣ ንግግር ታድርግልን እያሉ ነው!»

ደራሲ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ጭብጨባው ሆዷ ውስጥ ገብቶ ይጨፍራል፤ ሁለት እርምጃም ወደዚያው ሄደች። ከዚያ አምስቱንም ክፍሎች የያዘውን ደብተሯን አነሳች። «ቆይ፣ መጣሁ» አለቻትና ወደ በሩ ዞረች።

ጋሼ ቁልፍ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ደራሲ! ነፃ ወጡ አሉኝ እኮ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያም ጥፋት አልነበረብዎትም። ስለ እርስዎ ምንም ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰውየው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «ቦርሳውን መክፈቱ ነው የከበደኝ» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ይህን በር ጠብቄያለሁ።» ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «በይ፣ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

ክፍል አንድን ገለጠች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ዓይኗ ቆመ፤ ምነው ባልጻፍኩት አለች። ብትዘለው አያውቁባትም። ከሜዳው «ደራሲ! ደራሲ!» እያሉ ይጠሯታል። ቁጭ አለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አንድም ቃል ላትዘል ወሰነች።

«ዘበኛው እያነከሱ መጡ» ብላ አነበበች፤ ጆሮዋ ጋለ። «ዓይናቸውም... የማይታመን ዓይን ነበር።»

ጋሼ ቁልፍ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትሽን ነው። እኔም አላምነውም፤ ትናንት ፍየል መስሎኝ አጥር ላይ የተሰጣውን የዳይሬክተሩን ካፖርት ሳባርር ነበር!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ደብተሩ ጠቆሟት። «ቀጥይ እንጂ።»

ቀጠለች።