ሰማያዊ ጭማቂ

የኦልያድ ምላስ ሰማያዊ ነበር። ከንፈሩም፣ አገጩም፣ የሹራቡ ደረትም እንደዚያው። እናቱ እትዬ አበራሽ በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ብትጠርገውም ቀለሙ አልለቅ አላት። ልጁ አንዴ አቃሰተና የግቢው በር ላይ አስመለሰው። ትውከቱም ሰማያዊ ነበር።

«ምን ጠጣህ? ንገረኝ የኔ ጌታ፣ ምን ጠጣህ?»

ኦልያድ አራት ዓመቱ ነው። መልስ በመስጠት ፈንታ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቷ ሥር ተሸጎጠ።

ጎረቤታቸው ርሆቦት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ደጃፏ ላይ ደርቃ ቀረች። አርብ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የምታነበውን ጽሑፍ እየገለበጠች ነበር። ርዕሱ «ለመጪው ትውልድ» ይላል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች «ቀለሜ» የሚሏት በነገር ሁሉ ቀድማ እጇን ስለምታወጣ ነው። ያንን ሰማያዊ ታውቀዋለች።

አባቷ ዓለሜ ሸማኔ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ካለ ሱቅ የሠርግ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ የጥለቱን ክር ራሱ ቤት ውስጥ እየቀቀለ ቀለም ይነክራል። የተረፈውን መድፋት የርሆቦት ሥራ ነው። ከቦዩ ሌላ የት እንደሚደፋ ተጠያይቀው አያውቁም። ከግቢው ጀርባ ቦይ አለ፣ ቦዩ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ይገባል፣ በቃ። ዛሬም ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሁለት ባልዲ ደፍታለች።

ስትደፋ ኦልያድ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ተከትሏት ነበር።

«ርሆ፣ ይሄ ጭማቂ ነው?»

«አዎ፣ ጭማቂ ነው» አለችው ለቀልድ። ወደ ጽሑፏ ለመመለስ ቸኩላ ስለነበር ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ጎረቤታቸው ጋሽ ሸፊ ልጁን ታቅፈው ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። እትዬ አበራሽ ከኋላቸው፣ ርሆቦት ደግሞ ከእሷ ኋላ። እግሯ ይሮጣል እንጂ ልቧ እዚያው ቦዩ ዳር ቀርቷል።

ሲስተር ሮሃ ልጁን አልጋ ላይ አስተኝታ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየች። «ምንድን ነው የጠጣው?»

«የቦይ ውሃ ነው» አሉ ጋሽ ሸፊ። ከልጁ እጅ የወሰዱትን ሃይላንድ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ውሃ ቀርቷል። «ይሄ ከሰፈራችን በላይ ያለው ፋብሪካ ሥራ ነው። ነገ ፊርማ አሰባስበን ወረዳ እንሄዳለን። ልጆቻችንን ሊጨርሷቸው ነው።»

ርሆቦት ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ እንዴት ሊቀለኝ ቻለ ብላ ከራሷ ደነገጠች። የጽሑፏ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ራሱ ስለ ፋብሪካ ነው። አስተማሪዋ «ግሩም» ብለው ያሰመሩበት እሱን ነው።

«ፋብሪካውን በኋላ ትከሱታላችሁ» አለች ሲስተር ሮሃ። «እኔ አሁን የቀለሙን ዓይነት ነው የምፈልገው። አንዳንዱ ቀለም ሆድ አሳምሞ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ መርዝ ነው። ሳላውቅ ዝም ብዬ መድኃኒት አልሰጠውም።»

የኦልያድ እጅ ከአልጋው ተንጠልጥሏል፤ የትንንሽ ጥፍሮቹ ዙሪያ ሰማያዊ ሆኗል።

የቀለሙ ፓኬት ቤት ነው፣ መደርደሪያው ላይ። ባለፈው ወር ደግሞ የወረዳው ሰው መጥቶ «ቀለም ስትደፉ ሁለተኛ ካገኘናችሁ ቤቱን እናሽጋለን» ብሎ ነበር። ቤቱ ከታሸገ ሸማው የለም፤ ሸማው ከሌለ ደግሞ የቤት ኪራዩም፣ ደብተሩም፣ ራቱም የለም። ርሆቦት ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ እንደገና ጥፍሮቹን አየች።

«መጣሁ» ብላ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች።

ፓኬቱን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ከአባቷ ጋር ተጋጨች። ከሽሮ ሜዳ መመለሱ ነው።

«ምንድን ነው? ወዴት ነው?»

«አባዬ፣ ኦልያድ ቀለማችንን ጠጣ። ከቦዩ ቀድቶ። ሲስተሯ ዓይነቱን ካላወቅኩ አለች...»

ዓለሜ ፓኬቱን ከእጇ መንጭቆ ወሰደው። ሊደብቀው ነው ብላ ልትቀማው እጇን ዘረጋች። አባቷ ግን ቁልቁሉን ይሮጥ ጀመር። መታጠፊያው ላይ አንድ ጫማው ወለቀ፤ አልተመለሰለትም። ጫማውን አንስታ ተከተለችው።

ስትደርስ ፓኬቱ በሲስተር ሮሃ እጅ ነበር። «የኔ ነው፣ ከኔ ቤት ነው የወጣው» ይላል አባቷ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ርሆቦት ጫማውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጭማቂ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሸፊ ሃይላንዱን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። እትዬ አበራሽ ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችም። ርሆቦት በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር ብላ ተመኘች።

ሲስተር ሮሃ ፓኬቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ወደ ሆስፒታል ደወለች። ብዙ አዳመጠች፣ ጥቂት ጻፈች። «ደግነቱ ከከባዶቹ አይደለም። ግን እዚያ አድሮ መታየት አለበት» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኦልያድ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ተመለሰ። የከንፈሩ ቀለም ገና አልለቀቀም። ርሆቦት በምን ዓይኗ እንደምታየው ጨንቋት በራቸው ላይ ቆማለች።

«ርሆ» አላት፣ ቅር ብሎት። «ጭማቂሽ አይጣፍጥም።»

እትዬ አበራሽ ልጁን ከፍ አድርጋ አዝላ ወደ ቤቷ ገባች።

አመሻሹ ላይ ዓለሜ ከድስቱ የተረፈውን ቀለም በባልዲ ይዞ ከግቢው ጀርባ ወጣ። ቦዩ ዳር ሦስት ሕፃናት የቆርኪ መኪና ይነዳሉ። አያቸው፣ ባልዲውን አየ፣ ተመልሶ ገባ።

«እና የት እንድፋው?» ሲል ጠየቃት።

አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም። ሁልጊዜ ቀድማ እጇን የምታወጣው ቀለሜ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም አላውቅም፣ አባዬ።»

ዓለሜ ቀለሙን በጄሪካን ገልብጦ ክዳኑን አጠበቀ። ያለቻቸው አንዲት ክፍል በሸማ ዕቃው ተይዛለች፤ ባዶ ቦታ ያለው ከርሆቦት ፍራሽ ራስጌ ብቻ ነው። እዚያው አስቀመጠው። «የሚያውቅ ሰው እስክንጠይቅ እዚህ ይቆይ። ወረዳውንም ነገ ራሴ ሄጄ አናግራቸዋለሁ» አለ። ድምፁ ፍርሃት ነበረበት።

ርሆቦት ጄሪካኑን ተደግፋ ደብተሯን ከፈተች። የመጀመሪያው መስመር «ስግብግብ ፋብሪካዎች ወንዞቻችንን እየመረዙ ነው» ይላል፤ ሥሩ የአስተማሪዋ ቀይ መስመር አለ። እስክሪብቶዋን አነሳችና መስመሩን በሙሉ ሰረዘችው። ከላዩ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ረቡዕ ዕለት ሁለት ባልዲ ቀለም ቦይ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

ድምፅ ሳታወጣ ሁለቴ አነበበችው። ነገ አርብ ነው።