የእማዬ «አክቹዋሊ»

«እዚህ ጋ ‹አክቹዋሊ› ልበል ወይስ ልተወው?»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራለች። ልጅቷ ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ ቀና አለች። እናቷን ለሥራ ፈተና ማስጠናት ከጀመረች ወዲህ እቤት ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ቲቸር» ሆናለች።

«እማ፣ ዝም ብሎ ጣል አይደረግም እኮ! ሰውየው አንድ ነገር መስሎታል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያኔ ነው ‹አክቹዋሊ› ብለሽ በትህትና የምታርሚው። ቆጣ ብለሽ ካልሽው ግን ደደብ ነህ እንዳልሽው ይቆጠራል።»

እናቷ ሳቀች። «እኔ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ የምውል ሴትዮ፣ ማንን አርሜ አውቃለሁ?»

«ነገ ፈተናውን አልፈሽ እንግዳ መቀበያ ስትገቢ ታርሚያለሻ!»

ይህን ብላ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ መለሰች። ውሸቷን ነበር።

ቀን ላይ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ልጅ፣ አብራት የምትማረው፣ ከክፍል ሲወጡ ወደ ጥግ ጎትታት ነበር። «እንዳትናደጂብኝ። የሪሴፕሽኑ ቦታ ለአክስቴ ልጅ ተሰጥቷል፤ ዩኒፎርም ሁላ ወስዳለች። የነገው ኢንተርቪው ለፎርማሊቲ ነው። ከኔ ሰማሁ ካልሽ አባዬ ይገድለኛል፣ ፕሊስ!» ቲቸር መጀመሪያ ሙድ የያዘችባት መስሏት ነበር። ዓይኗን ስታይ ግን እውነት መሆኑ ገባት።

መውደቅ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሴቶቹ ራሳቸው ያወጡት ደንብ አለ። ለሌላ ሥራ የምትፈተን ሴት አስቀድማ መተኮሻዋን ከገንዳው ሴቶች ተራ ለደረሳት ታስረክባለች። ብትወድቅ ወደ መተኮሻው መመለስ የለም፤ እንደ አዲስ ገቢ ከማጠቢያ ገንዳው ትጀምራለች። እናቷ ከገንዳው እስክትወጣ ድረስ የበረኪናው ውሃ የእጇን ቆዳ ልጦት፣ ሽታው ደረቷን ዘግቶት ነበር። ዳግመኛ እንደማትችለው ሁለቱም ያውቃሉ።

መተኮሻውን የምታስረክበው ነገ ጠዋት ነው። ቲቸር ጓደኛዋን አሰበች፣ የእናቷን ደስታ አሰበች። ከዚያ በኋላ ማሰቡን ተወችው።

«እማ፣ ነገ አትሂጂ። ቦታው ለሰው ተሰጥቷል።»

ከማን እንደሰማች ብቻ አስቀርታ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እግሯን ከውሃው አውጥታ፣ በጣቶቿ መሀል ሳይቀር ቀስ ብላ አደራረቀች።

«መተኮሻሽን ግን አልሰጠሽም አይደል?» አለች ቲቸር። «ነገ ነው ያልሽው።»

«ዛሬ ሰጠሁ።»

«እማ!»

«ተረኛዋ እርጉዝ ናት። ገንዳው ላይ ወገቧን ይዛ ስታቃስት አላስችል አለኝ። አንድ ቀን ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ነው።»

«መልሽልኝ በያታ!»

«በምን አፌ? ከነሆዷ ወደ ገንዳው ልመልሳት?»

ቲቸር እንባዋ መጣ። ትናንት ብትሰማ ኖሮ! አሁን ምንም የሚደረግ ነገር የለም። የሚለመን ሰው እንኳ የለም።

«ታዲያ ነገ ትቀሪያለሽ?»

«ምን በወጣኝ! እሄዳለሁ እንጂ። ዓይን ዓይኔን እያዩ አትሆኚም ይበሉኝ።» እናቷ ፎጣውን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «በይ እንግዲህ፣ የቀረውን አስጠኚኝ።»

ቲቸር መጽሐፉን ብትዘጋው ደስ ባላት። ለማን ሊጠቅም? እናቷ ግን ልክ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከነገ ወዲያ፣ እናቷ ወደ ገንዳው በምትመለስበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት ላለመምጣት ወሰነች። በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄዳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ከእናቷ ጎን ትቆማለች። አሁን ከነገረቻት እምቢ እንደምትላት ታውቃለች። ስለዚህ ገጹን ገለጠችና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላ አነበበችላት።