ከደረጃው የወረደው

የሙት መንፈስ፣ ጥላ፣ ጂን የሚሉት ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ ጫማዬን ፈልጌ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሜትርና በውሃ ልክ ነው የኖርኩት፣ የማይለካ ነገር የለም ብዬ ነው ያረጀሁት። ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ ሌሊት ነበር ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የእኔ ግን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ እንቅልፍ አልጎደለኝም፣ አልጠጣሁም፣ አጠገቤም ሰው ነበረች። ካላመናችሁኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው፣ አርባ ምንጭ የመጣሁት ገና ጢሜ ሳይሞላ በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ሚስቴን ቀብሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበር። ደጋው ከሚጀምርበት ላይ፣ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ተራራ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ድሮ በጭቃ እየተንሸራተቱ ነበር የሚወጡት፣ አሁን ከእግሩ እስከ አናቱ የድንጋይ ደረጃ አለው፣ ረጅም ነው፣ ጎረምሳ እንኳ ሦስት ጊዜ አርፎ ነው የሚጨርሰው። ያንን ደረጃ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ።

ደረጃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግንበኛችን መስቀሌ ወድቆ ሞተ። መስቀሌ የደጋው ሰው ነው፣ እጁ ድንጋይ የሚያውቅ፣ ብዙ የማይናገር። ሲጠርብ ሁለቴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል ነበር የሚመታው፣ ኳ ኳ፣ ኳ፣ ከሩቅ ሆኜ እሱ መሆኑን እለይ ነበር። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ እሱ ግን ሁሌም ኢንጂነር ነበር የሚለኝ፣ አክብሮ ይሁን አሹፎ ጠይቄው አላውቅም።

የሞተበትን ምክንያት ለቢሮው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ «ሠራተኛው ጠጥቶ ስለነበር» የምትል ነገር አለች። አልጠጣም ነበር፣ እመኑኝ፣ ፍልሰታ ነበር፣ መስቀሌ ደግሞ በጾም ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። ለምን እንደጻፍኩት እደርስበታለሁ። ያቺ ቃል ከቢሮው ወጥታ ከተማ ገባች። በጾም ሰክሮ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወደቀ ተባለ፣ በለቅሶው ላይ ሰው እየተንሾካሾከ ተቀመጠ፣ ልጁን ምሕረትን በሰንበት ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ አሏት፣ ቀረች። ሚስቱ አስቴር ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ሙዝ ትሸጣለች፣ እኔ በሷ በኩል ላለማለፍ መንገድ መቀየር ልማዴ ሆነ።

ታዲያ ባለፈው ፍልሰታ አስቴር ራሷ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። የባሏ ሰባተኛ ሙት ዓመት እንደደረሰ፣ ዳቦና ንፍሮ ይዛ ለፍታት ወደ ተራራው እንደምትወጣ፣ ከሞተ ወዲህ ያንን ደረጃ ረግጣው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

«የወደቀበትን ያሳዩኝ ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም» አለችኝ።

ጉልበቴን ያመኛል ልል ነበር፣ ያመኛልም። ግን እንቢ ብል የምታውቅብኝ መሰለኝና እሺ አልኳት።

በማግስቱ በጠዋት ተነሳን። እሷ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላለች፣ እኔ ንፍሮውን ይዣለሁ። ወደ ታች ሲያዩ የአባያ ሐይቅ ቀይ ጭቃ መስሎ ተኝቷል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌላ ወጪ ወራጅ የለም፣ እኔም ዝምታው እንዳያስጨንቀኝ ይሄ ድንጋይ ከየት እንደመጣ፣ ያኛው መታጠፊያ እንዴት እንደተሠራ እየለፈለፍኩ ወጣሁ። ግማሹን ስናልፍ ጉም ወረደብን። የደጋ ጉም ታውቃላችሁ፣ ቀስ ብሎ አይመጣም፣ አንዴ ታያላችሁ፣ አንዴ አታዩም፣ የቀረን ከፊታችን ያሉት አራት አምስት ደረጃዎች ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ የሰማችው አስቴር ናት። ቆመችና አሁንም እየሠሩ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የራሴ ትንፋሽ ነበር የሚሰማኝ፣ ትንፋሼን ዋጥ ሳደርግ ግን ከላይ ከጉሙ ውስጥ መጣ፣ ኳ ኳ፣ ኳ። እድሳት ይሆናላ አልኳት። እድሳት እንዳልነበረ አውቅ ነበር፣ ደግሞስ ቅዳሴ ሊገባ ሲል ማን ድንጋይ ይጠርባል። ልቤን ያረጋጋሁት የገደል ማሚቶ ነው፣ ከማዶ መንደር ቤት የሚሠራ ሰው ነው እያልኩ ነው።

ጥቂት ወጣ እንዳልን ደረጃው ላይ የድንጋይ ፍርፋሪ አገኘን። ይሄ ምን ይገርማል ትሉኝ ይሆናል፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፣ ጉሙ ሁሉን ነገር አርሶታል፣ ልብሳችን ርሷል፣ ደረጃው ያንጸባርቃል፣ ፍርፋሪው ግን ደረቅ ነበር፣ ዱቄቱ ገና ነጭ ነው። አንዱን አንስቼ በጣቴ አሸሁት፣ ለአስቴር ግን አላሳየኋትም።

የወደቀበት መታጠፊያ ላይ ደረስን። እዚህ ነው አልኳት፣ እጄን ወደ ገደሉ ዘርግቼ። ያን ጊዜ መዶሻው ቆመ። ከዚያ ከበላያችን፣ ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ቦታ፣ የደከመ ሰው ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር፣ ልውረድ?»

እጄ ላይ የነበረው ንፍሮ ወደቀ። ይሄን ጥያቄ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ በማግስቱ ለምረቃ ትልልቅ እንግዶች ይመጡ ነበር፣ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ወርዶ እኔ ከታች ጥላ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሱ ድንጋዩ ያንሸራትተኛል ብሎ ሁለት ጊዜ በዚሁ ቃል ጠየቀኝ። አሁን ያለው አጠያየቁ ራሱ ያው ነው፣ ያው ትሕትና፣ ያው ሳል በመሐሉ።

አስቴር ወደ እኔ ዞረች። ማነው አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ፣ ምንም አልሰማሁም አልኳት። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ድምፁ ደገመው። «ኢንጂነር፣ ልውረድ?»

አስቴር አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ፊቴን እያየች ቀስ ብላ «ያን ቀን ምን ብለው መለሱለት?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጨርሰህ ውረድ እንዳልኩት፣ ከዚያ መጀመሪያ ሲወድቅ የሰማሁት መዶሻው እንደሆነ፣ አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ በዝናብ ያሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ፈርቼ ጠጥቶ ነበር ብዬ እንደጻፍኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች፣ ትገፋኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጠችኝና ወደ ጉሙ ቀና ብላ በጋሞኛ ጠራችው። እዚህ ያን ያህል ዘመን ኖሬ ይህችን ቃል አላጣትም፣ በቃህ፣ ና ውረድ ነው ያለችው።

ከዚያ እርምጃ ተሰማ፣ ቦት ጫማ፣ ውስጡ ውሃ የገባበት፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሲጨመቅ የሚሰማ። ደረጃ በደረጃ፣ ሳይቸኩል ወረደ። አስቴር ጥግ ይዛ መንገድ ለቀቀችለት። አጠገቧ ደረሰ፣ አለፋት፣ ነጠላዋ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ በላይ ካለው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ሸተተኝ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፣ ጉሙ ሲገለጥ ደረጃው ባዶ ነበር፣ አስቴርም የፈሰሰውን ንፍሮ ለቅማ ጨርሳለች። ከዚህ ወዲያ አይከተሉኝ ብላኝ ብቻዋን ወጣች።

በዚያው ቀን ከፍታቱ በኋላ ለካህናቱም ለተሰበሰበው ሰውም እውነቱን ተናግራለች፣ ምሕረትም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች ብለውኛል። እኔም ሪፖርቱን ላስተካክል ቢሮ ሄጄ ነበር። አዲስ የገባው ሠራተኛ በትሕትና ተቀብሎኝ፣ ያለፈ ነገር ነው አባቴ፣ ምን ያደርግልዎታል ብሎ ሸኘኝ። ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ፣ እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም።

ቤቴ ውስጥ ምንም አይሰማኝም፣ ይህንን ሳላጋንን ነው የምነግራችሁ። ብቻዬን ስሄድ ብቻ፣ ድንገት ቆም ስል፣ ከኋላዬ ትንሽ ዘግይቶ የሚቆም ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ጆሮዬ ነው እላለሁ፣ ዕድሜ ነው።

ባለፈው ወር ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አስቴር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተገናኝተን አናውቅም። ዳገቱን እስክንጨርስ በመስኮት ስታይ ቆየች። ልወርድ ስነሳ ነው ያናገረችኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ አልመጣም» አለችኝ፣ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ ጋ ነው እንዴ?»

የለም ብያት ወረድኩ። ዋሽቻት ይሁን እውነት ነግሬያት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።