በተራ የተቆጠረው ዲስክ

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ምስጋናው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ከሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ፤ ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። ቀድማ ያየችው ጸሐፊው ቃልኪዳን ነበረች፤ እሷው ታሰረች። ምን ይደረግ ልጆቼ፣ ቅርብ የተገኘው ይያዛል።

መርማሪ ዕፀገነት በማግስቱ መጣች። የክፍሉ ካሜራ የሚቀርጸው ወደ ሟቹ ኮምፒውተር ነው። ቀረጻውን ልትቀዳ ፍላሽ ሰክታ ብታስነሳው እምቢ አለ። ፍላሹን ስትነቅል ተነሣ፤ ቀረጻ ግን የለም።

ጎረቤቱን ነጋዴ ራሺድን ጠራችው።

«ፍላሽ ሲሰካ አለመነሣቱ የተለመደ ነው?»

«ምስጋናው የሠራው እንዲህ አያደርግም፣ እኅቴ። የኔን ግን ሸሪኩ ሙሉቀን ከነካው ወዲህ ፍላሽ ካየ ያኮርፋል። ኮምፒውተር አይደለም፣ በቅሎ ነው የሰጠኝ!»

ሙሉቀን ቀጥሎ ገባ።

«ይህን ኮምፒውተር መቼ ነካኸው?»

«እኔ? ዓመት አልፎኛል! እሱ መቼ ያስነካል፤ እንደ ታቦት ነበር የሚጠብቀው።»

ሲናገር ክፍሉን ሁሉ አየ፤ አሮጌ ዲስክ የሞላበትን ካርቶን ብቻ አላየም። ዕፀገነት ይህን ልብ አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበች። ቃልኪዳን በካቴና፣ የሟች እናት ካሣነሽ በጥቁር ልብስ።

«ኮምፒውተር ሲበራ» አለች ዕፀገነት፣ «ማስነሻ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ዋናውን ዲስክ ይፈልጋል። አንዳንድ ጠጋኝ ‹በተራ አንደኛውን ክፈት› ብሎ ያዝዘዋል፤ ፍላሽ ቀድሞ ከተቆጠረ ይስታል። ምስጋናው ግን ዲስኩን በራሱ መለያ ነበር የሚያስጠራው፤ የትም ቢሰካ ይገኛል። ይሄኛው በተራ ይቆጥራል። የተጻፈውም ትናንት፣ ሐኪሙ ምስጋናው ሞቷል ካለበት ሰዓት በኋላ ነው። ገዳዩ ቀረጻ ያለበትን ዲስክ አውጥቶ ሌላ ተካ፤ በለመደው እጁም ማስነሻ ጻፈለት። የራሺድም ኮምፒውተር የዚያው እጅ ሥራ ነው።»

«በተራ የሚቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ ሙሉቀን።

«አይደለህም። ስለዚህ ዲስኩን እንፈልገው።» ካርቶኑን ከፈተች።

«ከዚህ ሁሉ አሮጌ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂዋለሽ?»

«እኔ አላውቀውም። ይሄ ያውቀዋል።» ከቃልኪዳን ቦርሳ የተያዘውን ፍላሽ አሳየች። «ምስጋናው ለክፉ ቀን ብሎ የሰጣት ማስነሻ ነው። የሚጠራው አንድ ዲስክ ብቻ፣ በመለያው።»

ፍላሹን ሰክታ ዲስኮቹን አራት አራት እያደረገች ሞከረች። ሦስት ጊዜ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። በአራተኛው ተነሣ።

ሙሉቀን ማመን ጀመረ። «ከደንበኛ ዕቃ ደህናውን አውጥቼ አሮጌ ስከት አየኝ… ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለ…»

ካቴናው ከቃልኪዳን ወደ እሱ ዞረ። ዕፀገነት ቀረጻውን ከፈተች፤ ስክሪኑ ላይ ምስጋናው ጎንበስ ብሎ ብሎን ይፈታል፤ ከኋላው በሩ ገርበብ ይላል።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ አቁሚልኝ» አሉ ካሣነሽ። «ገና ሳይመታ።»

ዕፀገነት አቆመችላቸው።