ከውስጥ ዳዶውን የያዘው

ያላመነ ይተወው። እኔ በእጄ የነካሁትን ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ነበር፣ ጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ አልነበረም። ንፋስም አልነበረም...

ንፋስ አለመኖሩን ያዙልኝ።

ቦታው እኛ ወደብ፣ አውስትራሊያ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ጋ ያለው የጀልባ መጠገኛ ግቢ ነው። ሰው የለም። ሁሉም የክሪኬት ጨዋታ ሊያይ ሄዷል። እኔን የጠራኝ የለም። መቼ ጠርተውኝ ያውቃሉ?

ፊት ለፊቴ «ፔሊካን» የምትባል አሮጌ የሞተር ጀልባ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆማለች። ሥራዬ ከፊት በግራና በቀኝ ጎኗ ያሉትን ሁለት መተንፈሻዎች መቀየር ነው። የሞተሩ ክፍል አየር የሚያገኘው ወደ አንድ ወገን በተከፈተ አፋቸው ነው። ፕላስቲካቸው በፀሐይ ተሰባብሮ ወዳድቋል። የቀረው ጉማጁ ብቻ ነው።

ያዘዘችኝ ኮራል ናት፣ የጀልባዋ ባለቤት የነበረው የቨርን ልጅ። ከከተማ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው።

«ጋሼ ክሌም፣ ነገ ማለዳ ብቻዬን ይዣት እወጣለሁ። እንደ አባዬ» አለችኝ።

«ውጪ። ማን ከለከለሽ።»

«አባዬ የመተንፈሻዎቹን አፍ ወደ ፊት ነበር የሚያደርገው፣ አይደል?»

«...አዎ።»

«በል ዓሣና ድንች ጥብስ ላምጣልህ። ፊትህን ደግሞ ትንሽ ፍታው፣ ዓሣው ይደነግጣል» ብላ ሄደች።

ከቨርን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መተንፈሻ የሚገጥሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ውጭ ቆሞ ብሎኑን በካቻቢቴ ያዞራል። ሌላው የሞተሩ ክፍል ውስጥ ተጣጥፎ ዳዶውን ይይዛል። ካልያዘው ብሎኑ በባዶ ይሽከረከራል። ሲይዝ ሁለቴ ይመታል። ኳ... ኳ። «ይዣለሁ፣ አዙር» ማለት ነው።

ውስጥ የምገባው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። እሱ ውጭ ቆሞ ከደንበኛ ጋር ይስቃል። ግቢው ሁሉ «ዳዶ ያዡ» ነው የሚለኝ። ቨርንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?

አንድ ቀን ብቻ ተቀያየርን። በዚችው ጀልባ፣ በእሱ ጀልባ።

«ዛሬ አንተ ውጭ ቁም፣ ዳዶ ያዡ» አለኝ እየሳቀ። «አፉ ወዴት እንደሚዞር ታውቃለህ? ወይስ ጽፌ ልስጥህ? ለነገሩ ብጽፍልህስ ማን ሊያነብልህ ነው!»

ደሜ ፈላ።

የፊተኞቹ አፍ ወደ ፊት ነው መዞር ያለበት፣ አየር እንዲያስገባና የሞተሩ ጭስ ውስጥ እንዳይታፈን። እኛ ወደብ ግን የወንዙ አፍ ማዕበል ክፉ ስለሆነ፣ ውሃ እንዳይገባ ብለው ወደ ኋላ የሚያዞሩ ሞልተዋል። ቨርን ይህን ልማድ ይጠላው ነበር። እኔም በእልህ ሁለቱንም ወደ ኋላ ገጠምኳቸው። እሱ ከውስጥ አያይም። ኳ ኳ እያለ ያዘልኝ።

አመሻሽ ላይ ወደ ውሃ አወረድናት።

«ደህና ገጠምክ?»

«እንደሚገባው።»

ዞሮ እንኳ አላየም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ጭስ አፍኖት አገኙት። የተኛ ይመስል ነበር። «ክፍሉን ሳያናፍስ ወርዶ ነው» ተባለ። መተንፈሻውን ልብ ያለ የለም። እኔም ዝም አልኩ። ሰባት ዓመት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጉማጅ ሳነሳ... ከሥሩ ያልደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ፀሐይ ያልነካው፣ እንደ ጥላ የቀረ የመተንፈሻው ቅርጽ ነው። አፉ ወደ ኋላ።

አዲሱን ወደ ፊት ብገጥመው ያ ጥላ ውጭ ይቀራል። ኮራል ታየዋለች። ወደ ኋላ ብገጥመው ግን ልክክ ብሎ ይሸፍነዋል።

ከመውጣቷ በፊት እነግራታለሁ አልኩ ለራሴ። አልነግራትም ነበር።

አዲሱን ወደ ኋላ አዙሬ ልኩን ለማየት ብሎን ሰደድኩ። ዳዶዎቹ ገና ኪሴ ውስጥ ናቸው። ስድስት።

ኳ... ኳ።

ከውስጥ።

«...ኮራል?» አልኩ በሹክሹክታ።

ቀና ብዬ አየሁ።

የሞተሩ ክፍል ክዳን ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እጄ ሳላስበው ካቻቢቴውን አዞረ። ብሎኑ በባዶ ተሽከረከረ። ደግሜ ሞከርኩ። በባዶ።

ኳ ኳ! አሁን ፈጠን ብሎ።

ከብሎኑ ቀዳዳ ሞቅ ያለ አየር ጣቴን ነካኝ። ሚንት ከረሜላ ይሸታል። ቨርን ከአፉ የማይለየው።

ከዚያ ድምፅ መጣ... በጣም ቀርቦ።

«ክሌም... አፉ ወዴት ነው?»

በስሜ ጠራኝ።

መሮጥ ነበረብኝ። መተንፈሻውን ወደ ፊት አዞርኩት። «ወደ ፊት...» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

ኳ። ኳ።

አዞርኩ። ብሎኑ ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ሦስተኛው እስኪጮህ ጠበቀ።

ኪሴን ዳሰስኩ። ሦስት ዳዶ።

ወደ ሌላው ጎን ዞሬ ሁለተኛውን ጉማጅ አነሳሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፍኩት።

ኮራል ጥብሱን በወረቀት ይዛ መጣች። ከአዲሱ መተንፈሻ ኋላ የቀረውን ሰማያዊ ጥላ አየች። ጥብሱን መሬት አስቀምጣ የጥላውን ዳር በጣቷ ተከተለች።

«ወደ ኋላ ነበር።»

«...አዎ።»

«ማን ገጠመው?»

«እኔ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ከውስጥ ዳዶ ይዞልኝ ነበር።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘርግታ ቁልፉን ተቀበለችኝና ክዳኑን ከፈተች። አብረን አየን። ከመተንፈሻው ሥር የሰባት ዓመት አቧራ፣ አሻራ እንኳ የሌለበት። ከግድግዳው በወጡት ብሎኖች ላይ ሦስት አዳዲስ ዳዶዎች ያብረቀርቃሉ።

«ዛሬ ማን ያዘልህ?» አለችኝ በጣም ቀስ ብላ።

ከወዲያኛው ጎን ሻ... የሚል ድምፅ ሰማን።

ዞረን ሄድን። ንፋስ የለም ብያችኋለሁ። በቀዳዳው ላይ የለጠፍኩት ላስቲክ ወደ ውስጥ ይሳባል... ይወጣል... ይሳባል... ይወጣል። እንደተኛ ሰው።

«አባዬ?» አለች ኮራል።

ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተሳበ... ቆመ።

በማግስቱ በጀልባዋ አልወጣችም። እኔንም ዳግመኛ አላናገረችኝም። ያንን ቀዳዳ ግን ማንም እንዳይነካው ብላለች።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ንፋስ መጣ፣ ዝናብም መጣ። ዛሬ ጠዋት በግቢው ሳልፍ አየሁት።

ላስቲኩ ወደ ውስጥ እንደተሳበ ነው። ገና አልተነፈሰም።