በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ

አውቶቡሱ ከጉደር ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ዱሬቲ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን የሸራ ጥቅል እንደገና ፈታ አሰረችው። ከአምቦ ከተነሱ ጀምሮ እጇ አላርፍ ብሏል።

«ምን ሆነሻል? ቦምብ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሞቱማ።

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል!»

ሞቱማ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ጌዶ ያለች አክስቱን ሊጠይቅ ሲሳፈር ነው የተገናኙት።

ጥቅሉ የአባቷ የኦቦ ቀነዓ ነው። ኦቦ ቀነዓ ጌዶ ላይ የጤና ጣቢያ በርና መስኮት ሊገጥሙ፣ የሚያፈሰውንም ጣሪያ ሊጠግኑ ትልልቁን መሣሪያ ይዘው ሄደዋል፤ ትንንሹን ደግሞ ላኩልኝ ብለው ነበር። ትንንሹ ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ጆንያ ውስጥ ተደባልቆ ነው የሚኖረው። አንዲት ብሎን ስትፈለግ ከመሰላል ይወርዱና ጆንያውን መሬት ላይ ይገለብጡታል፤ የሥራቸው እኩሌታ ፍለጋ ነው። ዱሬቲ ይሄን ማየት ሰልችቷት ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ባለኪስ ጥቅል ሰፋች። ምስማሩን ከምስማር፣ ብሎኑን ከብሎን ጋር አላደረገችም፤ በሥራው ለየችው። «በር» ብላ በቀለም የጻፈችበት ኪስ ማጠፊያውን፣ ብሎኖቹንና ለእነሱ የሚሆነውን ካቻቢቴ አንድ ላይ ይዟል። «መስኮት» እና «ጣሪያ» የተባሉትም እንደዚያው።

ዕቃውን ማድረስ የነበረበት ወንድሟ ጂራ ነበር። እናቷ ግን አሻፈረኝ አሉ። በዚያ ሰሞን ወጣት ወንዶች ከመንገድ ላይ እየታፈሱ ወደ ጦር ሜዳ ይላኩ ነበር።

አውቶቡሱ መንገዱን የዘጋው የፍተሻ ኬላ ጋ ቆመ። ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ገቡ።

የሞቱማ ፊት አመድ መሰለ። «ዱሬ፣ ከአባትሽ ጋር ነው የሚሠራው በይ» አለ በሹክሹክታ። «በእናትሽ!»

«አንተ፣ ተነሥ!» አለ አንደኛው ፈታሽ።

«ጓድ፣» አለች ዱሬቲ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ከአባቴ ጋር ነው የሚሠራው። ለጤና ጣቢያው ዕቃ ይዘን እየሄድን ነው።»

ፈታሹ ጥቅሉን አየው። «እንደዚያ ከሆነ እሱ ይፍታው። እስቲ ለበር የሚያስፈልግህን አውጣ!»

ሞቱማ በሕይወቱ ካቻቢቴ ይዞ አያውቅም። ጥቅሉን ወደ ራሱ አዙሮ ዘረጋው። ዓይኑ «በር» የሚለው ላይ ሲያርፍ ግን እጁን ሰደደና ማጠፊያውን፣ ብሎኑን፣ ካቻቢቴውን አከታትሎ አወጣ።

«ተቀመጥ» አለው ሰውየው።

ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ብድግ አለ። ቀጭን ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። «እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ!» አለ።

ፈታሹ ወደ ዱሬቲ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

ልጁ ዓይን ዓይኗን አያት። ዱሬቲ አፏን ከፈተች። ሞቱማ ክንዷን ጨበጠ፤ ጥፍሩ ተሰማት። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን ይዞት ቢወድቅስ?

«አላውቀውም» አለች።

ልጁን አወረዱት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከውጭ ሲጮህ ተሰማ፦ «ኦልጅራ ነኝ! የኦቦ ዓብዲሳ ልጅ፣ ጉደር፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ! ለቤቴ ንገሩልኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ጌዶ ላይ ኦቦ ቀነዓ ጥቅሉን ሲያዩ ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «ኢንተላ ኮ! የኔ ልጅ! ይሄን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለውት መሰላል ወጡ፤ ለምሳ እስኪጠሩ ድረስም አልወረዱም። ዱሬቲ ግን ደስታው አልመጣላትም። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ አጥሩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። በመጨረሻ መሰላሉ ሥር ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አባቷ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እሱም የእኛ ነው ብትዪ ሦስታችሁንም ያወርዷችሁ ነበር።»

«ላያወርዱንም ይችሉ ነበር፣ አባ።»

ኦቦ ቀነዓ መዶሻቸውን እንደገና አነሡ። «ነገ በቀጥታ ቤትሽ ግቢ። ፈተና አለብሽ» አሉ።

በማግስቱ ሞቱማ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። «ወደ ልጁ ቤት ልትሄጂ ነው አይደል?» አላት። «ተይው፣ ዱሬ። እስካሁን ሌላ ሰው ነግሯቸዋል። እዚያ ስትደርሺ ማን ነሽ፣ ምን አልሽ ይሉሻል። ወሬው ኬላ ቢደርስ እኔንም ፈልገው ይወስዱኛል።»

«ስምህን አላነሣም።»

«የራስሽንስ?»

ዱሬቲ ተሳፈረች።

በመንገዱ ሁሉ የቀሚሷን ጠርዝ ስትጠቀልል ስትዘረጋ ቆየች። ሌላ ሰው ነግሯቸው ይሆናል። እነዚያ ጫማቸውን ያዩት ሰዎች? ባይነግሯቸውስ? እናቱ ዛሬ ይመጣል እያለች በር በሩን ብታይስ? ኬላውን አለፉ። ድልድዩን ተሻገሩ። የጉደር ቤቶች ቆርቆሮ ከሩቅ አብለጨለጨ።

«ጉደር!» አለ ረዳቱ። «ወራጅ ከሌለ እንለፍ!»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ።

«ወራጅ አለ!» አለች ዱሬቲ።

«አንቺ የአምቦ አልነበርሽም እንዴ?» አለ ረዳቱ። እሷ ግን በሩ ጋ ደርሳ ነበር።